ጋውኔን ሰቅዬ ወረዳ ብገባስ?

ሲስተር እንደምን አሉ፣ አምድዎን እህቴ ናት ያስለመደችኝ። እኔ ከአርባምንጭ ወጣ ብሎ ባለ ወረዳ ጤና ጣቢያ ነርስ ነኝ፣ ዘንድሮ 7 አመቴ። በዲፕሎማ ገብቼ ዲግሪዬን በኤክስቴንሽን ነው የጨረስኩት። አሁን ሁለት ነገር ባንዴ መጣብኝ። አንደኛ የወረዳው ፐብሊክ ሰርቪስ ጽ/ቤት የሰው ሃብት ባለሙያ ክፍት ቦታ አውጥቷልና ተወዳደሪ ተባልኩ። ሁለተኛ ደግሞ ካቢኔ ውስጥ ያሉ ሰውዬ ጠርተውኝ ለጤና ጽ/ቤት ምክትል ሃላፊነት አስበንሻል አሉኝ። ባለቤቴ ምክትሉን ያዢ ይላል፣ እናቴ ስንት አመት ሲስተር ተብለሽ ተከብረሽ አሁን ወረቀት ልታገላብጪ ነው ብላ አኩርፋለች። እኔ ግን እውነቱን ልንገርዎት ደክሞኛል። የማታ ዲዩቲ ደክሞኛል፣ ጓንት የለም እያልኩ ሰው ፊት መቆም ደክሞኛል፣ የሰራሁበት የዲዩቲ ብር እንኳን ወራት ቆይቶ ነው የሚመጣው። ቢሮ ብገባ አርፋለሁ ወይ? ላይሰንሴስ ምን ይሆናል? ማስተርስስ በፐብሊክ አድሚኒስትሬሽን ይሻለኛል ወይስ በህዝብ ጤና? እባክዎ ቶሎ ይመልሱልኝ፣ ማስታወቂያው ሊዘጋ ነው።
እ.መ. ነኝ

የኔ እህት፣ ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት፣ ሁለተኛውን ጊዜ የራሴን 2003 እያሰብኩ ነው ያነበብኩት። እኔም 9 አመት ጤና ጣቢያ ሰርቼ ነው ወረዳ ጤና ጽ/ቤት ፕላን ክፍል የገባሁት፣ ያኔ እኔም እንዳንቺ ደክሞኝ ነበር።

አርፋለሁ ወይ ላልሽው፣ አታርፊም። በወረቀት ላይ የመንግስት ሰራተኛ በሳምንት 39 ሰአት ነው የሚሰራው፣ ጠዋት ከ2፡30 እስከ 6፡30 ከሰአት ከ7፡30 እስከ 11፡30፣ አርብ ደግሞ 5፡30 ተወጥቶ 7፡30 ይገባል። ወረዳ ውስጥ ግን ዘመቻ የሚባል ነገር አለ። የክትባት ዘመቻ፣ የማዳበሪያ ስርጭት፣ ግብር መሰብሰብ፣ የጤና መድን ምዝገባ፣ ሁሉም ሲመጣ ባለሙያው በየቀበሌው ይመደባል፣ የሰው ሃብት ባለሙያ ነኝ ብለሽ አትቀሪም፣ ቅዳሜም ትወጫለሽ። ሌሊት ግን ቤትሽ ታድሪያለሽ፣ እሱ ቀላል ነገር አይደለም፣ ትንሿ ልጄ ማታ ማታ በር ላይ ቆማ ዛሬም ትሄጃለሽ ወይ ማለት ያቆመችው ቢሮ ከገባሁ ከሶስት ወር በኋላ ነው።

ጓንት ያልሽው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም እኔን ቢሮ ያስቀረኝ እሱ ነው። ጤና ጣቢያ እያለሁ ወረዳ ያሉት ሰዎች ጨካኞች ይመስሉኝ ነበር፣ እኛ እናት እያዋለድን ጓንት ቆጥረን እንጠቀማለን እነሱ ስብሰባ ላይ ናቸው እል ነበር። ወረዳ በገባሁ በሁለተኛው ወር አርአርኤፍ የሚባለውን ፎልደር ከፈትኩ፣ ታውቂዋለሽ፣ ጤና ጣቢያው ያለውን የወጣውንና የሚፈልገውን መድሃኒትና እቃ ሞልቶ በየሁለት ወሩ የሚልከው ቅጽ። የራሴ ጤና ጣቢያ የላከውን አወጣሁት፣ የጓንቱ ቁጥር ካለፈው ቅጽ ቃል በቃል የተገለበጠ ነው፣ ያለፈውም ከዛ በፊት ከነበረው። ፕላን ክፍል ያለው ልጅ የኢኮኖሚክስ ምሩቅ ነው፣ ጎበዝ ነው፣ ቁጥሩን ሲያይ ግን ምንም አላለውም ምክንያቱም ድምሩ ልክ ነው። እኔ ግን እዛ ጤና ጣቢያ በወር ስንት እናት እንደምትወልድ አውቃለሁ፣ ለአንድ ምጥ ስንት ጥንድ ጓንት እንደሚሄድ አውቃለሁ፣ ለቁስል ለካቴተር ስንት እንደሚሄድ አውቃለሁ፣ ቁጥሩ ውሸት መሆኑ ገና ሳየው ነው ያስታወቀኝ። ቅጹን የሞላው የፋርማሲው ልጅ ደሞ ሰነፍ አልነበረም፣ ብቻውን ነው የሚሰራው፣ መቁጠሪያ ጊዜ አልነበረውም። አንድ ቅዳሜ ሄጄ መደርደሪያውን አብረን ቆጠርን፣ የእቃ መመዝገቢያ ካርዱን አስተካከልን፣ በሚቀጥለው ዙር እውነተኛውን ቁጥር ላክን። ሁሉም አልመጣም፣ የማይመጣ እቃ ሁሌም አለ፣ ጓንቱ ግን ከበፊቱ በጣም ተሻለ።

ስለዚህ እናትሽ ወረቀት ታገላብጪያለሽ ያሉት እውነት ነው፣ ግን ያ ወረቀት ላይ ያለውን ቁጥር ማንበብ የሚችል ሰው ወረዳ ላይ ጥቂት ነው፣ አንቺ አንዷ ትሆኛለሽ። ይሄንን ለእናትሽ በኔ ስም ንገሪያቸው። ሲስተር መባልሽም አይቀርም፣ እኔን እስከዛሬ ዞን ላይ ጥበቃው ሳይቀር ሲስተር ነው የሚለኝ።

የዲዩቲ ብሩም እንደዛው ነው። ብዙ ጊዜ የሚዘገየው ሰው ስለጠላሽ አይደለም። የመንግስት በጀት አመት ሐምሌ 1 ተጀምሮ ሰኔ 30 ይዘጋል፣ ብሩ ደግሞ በሂሳብ መደብ የተከፋፈለ ነው፣ 6111 የቋሚ ሰራተኛ ደሞዝ ነው፣ 6231 ውሎ አበል ነው፣ እያለ ይሄዳል፣ ካንዱ ወደ ሌላው ለማዛወር ደብዳቤና ፈቃድ ይጠይቃል። በጀት ሲዘጋጅ ለትርፍ ሰአት የሚያዘው ባምናው ልክ ከሆነና ዘንድሮ ማዋለጃ ክፍሉ 24 ሰአት መስራት ከጀመረ ግማሽ አመት ላይ ያልቃል፣ ከዛ እዳ ይሆናል። እኛ በጀት ሲዘጋጅ የእያንዳንዱን ጤና ጣቢያ የዲዩቲ ሮስተር አስመጥተን በአልጋና በሽፍት ቆጥረን ለፋይናንስ ስናቀርብ ነው ክርክሩ የተቀየረው፣ ባዶ እጅሽን ሄደሽ ሰራተኛው ተቸግሯል ብትይ ሁሉም ጽ/ቤት ተቸግሯል ነው የምትባይው፣ እውነትም ሁሉም ተቸግሯል።

አሁን ወደ ሁለቱ ምርጫዎችሽ። ባለቤትሽን አክብሬ ነው የምናገረው፣ ምክትል ሃላፊነቱን አሁን አትያዢው። ሹመትና የመንግስት ሰራተኝነት አንድ አይደለም። በፌደራሉ አዋጅ ቁጥር 1064/2010 እንኳን የመንግስት ሰራተኛ የሚለው ትርጉም ውስጥ ሚኒስትር ዴኤታ፣ ምክትል ዋና ዳይሬክተርና ከዛ በላይ ያሉት አይገቡም፣ አዋጁ በ2017 በሌላ ተተክቷል፣ የወረዳው ደግሞ በክልላችሁ ህግ ነው የሚታየው፣ ሃሳቡ ግን አንድ ነው። ባለሙያ ብትበደይ ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ አለ፣ አስተዳደር ፍርድ ቤት አለ። ሹመኛን በግምገማ ያወጡታል በግምገማ ያወርዱታል። አንድ የማውቀው ነርስ ነበር፣ በጣም ጎበዝ፣ በ2 አመት ውስጥ ተሹሞ ወርዶ ሲመለስ የድሮ ቦታው በሰው ተይዟል፣ ከቤተሰቡ 60 ኪሎ ሜትር ርቆ ነው የመደቡት። ሹመት መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም፣ ጤና የገባው ሰው ሃላፊ ቢሆን እኔም ደስ ይለኛል፣ ግን መጀመሪያ ወረቀቱን እወቂው፣ በጀት ግዢ ሰው ሃብት ምን እንደሆነ እይ፣ ያለዛ የምትፈርሚበትን ነገር ሳታውቂው ትፈርሚያለሽ፣ ኦዲት ሲመጣ ደግሞ የፈረመው ሰው ነው የሚጠየቀው።

የሰው ሃብት ባለሙያው ቦታ ደግሞ ማስታወቂያው ላይ ተፈላጊ ችሎታ የሚለውን መስመር እስኪ በደንብ አንብቢው። ቀጥታ አግባብ ያለው የስራ ልምድ ይላል አይደል? የነርስነት 7 አመትሽ ለዛ ቦታ ቀጥታ አግባብ ያለው ተብሎ ላይቆጠርልሽ ይችላል፣ ዲግሪሽም ዝርዝሩ ውስጥ ላይኖር ይችላል። ቢያልፍልሽ እንኳን ከታችኛው ደረጃ ልትጀምሪ ነው። ሳታጣሪ ክሊራንስ እንዳትጠይቂ እባክሽ።

ያልጠየቅሽኝን ሶስተኛ መንገድ ልንገርሽ። ራሱ ጤና ጽ/ቤቱ ውስጥ የባለሙያ ቦታ አለ፣ እቅድና ክትትል፣ የጤና መረጃ፣ የእናቶችና ህጻናት፣ የጤና መድን። እነዚህ ቦታዎች ላይ ነርስነትሽ ይቆጠራል፣ በዝውውር ስለምትሄጂ አገልግሎትሽ አይቋረጥም፣ የአመት ፍቃድሽም የጡረታ መዋጮሽም እንዳለ ይቀጥላል፣ ካንቺ 7 በመቶ ከመስሪያ ቤቱ 11 በመቶ እየተባለ። ለቀሽ እንደ አዲስ ከተቀጠርሽ ግን የሙከራ ጊዜ ምናምን ውስጥ ትገቢያለሽ። ደሞ ልልቀቅ ብትዪም በ1064 ላይ የ1 ወር ማስታወቂያ ነበር የሚጠየቀው፣ በቀላሉ የማትተኪ ባለሙያ ነሽ ካሉ እስከ 3 ወር ሊያቆዩሽ ይችሉ ነበር፣ ነርስ ደግሞ በቀላሉ አትተካም። የክልልሽን አዋጅ ከፐብሊክ ሰርቪስ ጠይቀሽ ራስሽ አንብቢ፣ ሰው ነገረኝ አይበቃም።

የጤና መድን ያልኩሽ በምክንያት ነው። ማህበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 በ13 ወረዳዎች ሲሞከር ብዙ ሰው አያምነውም ነበር፣ እኛ ጋ ሲደርስ እኔ ነበርኩ ለምዝገባ የወጣሁት። ገበሬዎቹ በፊት መርፌ ስለወጋኋቸው ያውቁኛል፣ ቁጭ ብለው ይሰሙኛል፣ ከዛ አንድ አባት ተነስተው ልጄ ብሩን ከፍለን ስንመጣ መድሃኒት የለም ብትሉንስ አሉ። መልስ አልነበረኝም። ተመልሼ ሃላፊውን ጠየቅኩት እሱም አልነበረውም። በሚቀጥለው አመት ምዝገባ ከመጀመሩ በፊት ጤና ጣቢያዎቹ ላይ የማይጠፉ መድሃኒቶችን ዝርዝር አውጥተን በየሳምንቱ ማየት ጀመርን፣ ያንን ያስጀመሩን እኚያ አባት ናቸው። ነርስ ሆነሽ ያመኑሽ ሰዎች ቢሮ ስትገቢም ያምኑሻል፣ አንዳንዴ ይሄ ከባድ ነው ግን ስራሽን ያስተካክልልሻል።

ገንዘቡን በግልጽ አስቢው። ከመስከረም 2018 ጀምሮ ባለዲግሪ ጀማሪ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል፣ ዝቅተኛው 6,000 ነው። መነሻ ደሞዙ ብዙም ላይራራቅ ይችላል፣ የምታጪው ዲዩቲሽንና የተጋላጭነት አበልሽን ነው። ያለፈውን የስድስት ወር ዲዩቲ ደምረሽ ለስድስት አካፍይው፣ ያ በየወሩ ከኪስሽ የሚጎድለው ነው፣ የቤት ኪራይና የልጅ ትምህርት ቤት ካለብሽ ከባለቤትሽ ጋ ተቀምጣችሁ ተነጋገሩበት። ብዙ ነርሶች በዚህ ምክንያት ቀርተዋል፣ አልፈርድባቸውም።

ላይሰንስሽን በምንም አይነት እንዳታስቃጥዪው። ለማደስ የሲፒዲ፣ ማለትም የተከታታይ ሙያ ማጎልበቻ ስልጠና ነጥብ ይጠየቃል፣ ቢሮ ስትገቢ ስልጠናው ላንቺ ብሎ አይመጣም፣ ራስሽ ፈልገሽ ነው የምትወስጂው። እኔ አንዴ አሳልፌው ለማስተካከል ብዙ ተንከራትቻለሁ።

ማስተርሱን አሁን አትወስኚ፣ አንድ አመት ስሪና የሚጎድልሽን እይው። በበሽታ ቅኝትና በፕሮግራም ስራ መቀጠል ከፈለግሽ የህዝብ ጤና ነው፣ ወደ በጀት ወደ ሰው ሃብት ልብሽ ከሄደ ፐብሊክ ማኔጅመንት ነው። አዲስ አበባ ያለው ሲቪል ሰርቪስ ዩኒቨርሲቲ በ1987 ኮሌጅ ሆኖ ሲከፈት ጀምሮ የመንግስት ሰራተኛ ነው የሚያሰለጥነው፣ እኔም እዛ ነው የተማርኩት፣ ክፍል ውስጥ የግብርና ሰው፣ የፍትህ ሰው፣ የገቢዎች ሰው አብሮሽ ይቀመጣል፣ ከመምህሩ እኩል ከነሱ ተምሬያለሁ። መስሪያ ቤት ካስተማረሽ ግን ተመልሰሽ የምታገለግዪበት ውል ትፈርሚያለሽ፣ አመቱን ቆጥረሽ ፈርሚ።

ጥያቄ

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው፣ አር ኤን (ነርስ) ነኝ፣ ሆስፒታል 12 ሰአት እየቆምኩ ወገቤ አለቀ። የመንግስት ስራ ጥሩ ነው ይሉኛል፣ ካውንቲ (የአካባቢው አስተዳደር) ወይ ፌደራል። ግሪን ካርድ ነው ያለኝ። የትምህርት ብድርም አለብኝ። ከየት ልጀምር?

ወንድሜ፣ እኔ አሜሪካ አልሰራሁም፣ እዛ ያሉ የድሮ ጓደኞቼን ጠይቄ ያረጋገጥኩትን ብቻ ልንገርህ። ፌደራሉ በአብዛኛው ዜግነት ይጠይቃል፣ ዩኒፎርም የሚለብሰው የፐብሊክ ኸልዝ ሰርቪስ ኮርም እንደዛው ነው፣ ስለዚህ ዜግነትህ እስኪደርስ ካውንቲውን እይ። ያለህበት ሞንትጎመሪ ካውንቲ የትምህርት ቤት ነርሶችን የሚቀጥረው የካውንቲው የጤና መምሪያ ነው፣ በዛ በር ገብተው ቀስ ብለው ወደ ፕሮግራም ማስተባበር የሄዱ አሉ። ዲሲ ደግሞ በ2004 በራሳቸው አቆጣጠር የወጣ የቋንቋ ህግ አለ፣ የከተማው መስሪያ ቤቶች እንግሊዝኛ ለማይችል ሰው በቋንቋው እንዲያገለግሉ ያስገድዳል፣ አማርኛ ከዋናዎቹ ቋንቋዎች አንዱ ነው፣ ስለዚህ ሲቪህ ላይ አማርኛህን መጨረሻ መስመር ላይ አትወርውረው፣ ስንት እናት በአማርኛ እንዳስረዳህ ጻፍ። ብድሩን በተመለከተ ለመንግስት እየሰራህ 120 ክፍያ ከከፈልክ የቀረው የፌደራል ብድር የሚሰረዝበት ፕሮግራም አለ፣ ልብ በል ለትርፍ ያልቆመ ሆስፒታልም ይቆጠራል፣ ምናልባት አሁን ያለህበት ሆስፒታል እየተቆጠረልህ ሊሆን ይችላል፣ ከመልቀቅህ በፊት እሱን አጣራ።

ጥያቄ

የማኔጅመንት ምሩቅ ነኝ፣ አዲስ አበባ ክፍለ ከተማ ውስጥ ነው የምሰራው። ሲስተር ቅር አይበልዎትና ጤና ባለሙያ ለምንድነው የአስተዳደር ቦታ የሚይዘው? እኛ አራት አመት ተምረን አለቃችን ነርስ ነው። በሙያው ቢሰራ አይሻልም?

ቅር አላለኝም፣ ጥያቄህ ውስጥ እውነት አለ። ጥሩ ነርስ ስለሆነ ብቻ ሰው ጥሩ አስተዳዳሪ አይሆንም፣ እኔ በመጀመሪያው አመት አንድ ድርጅት አልጋና ፍራሽ ሲሰጠን ደስ ብሎኝ የእቃ ገቢ ደረሰኙ ሞዴል 19 ሳይቆረጥ ወደ ጤና ጣቢያዎቹ አከፋፈልኩት፣ በሽተኛ መሬት ተኝቶ እያየሁ ወረቀት ልጠብቅ ወይ ብዬ። በአመቱ ኦዲት መጣ፣ እቃው መግባቱም በሞዴል 22 መውጣቱም አይታይም፣ ሁለት አልጋ የት እንደደረሰ እስካሁን አልታወቀም። በሽተኛ የሚተኛበት አልጋ ነው የጠፋው፣ ያጠፋሁትም እኔ ነኝ። ከዛ በኋላ የንብረት ክፍሏ ሴትዮ፣ እንዳንተ ማኔጅመንት የተማረች፣ በየቀኑ ከሰአት እያስቀመጠች አስተማረችኝ፣ ፕሮፎርማ እንዴት እንደሚሰበሰብ፣ ግልባጭ ለማን እንደሚሄድ፣ ያለ መሸኛ ደብዳቤ ምን እንደማይንቀሳቀስ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ከአሜሪካው የል ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ የሆስፒታል ስራ አስኪያጆችን በማስተርስ ማሰልጠን የጀመረውም ለዚህ ነው፣ ሃኪም መሆን ሆስፒታል ለማስተዳደር አልበቃም።

በሙያው ቢሰራ አይሻልም ያልከው ላይ ግን አልስማማም። አለቃህ ህዝብ ሲሰለፍ ካንተ እኩል የሚያይ ሰው አይደለም፣ ሲያምም ሲሞትም ቆሞ ያየ ሰው ነው፣ ስራ ላይ የሚቸኩለው ለዛ ይሆናል፣ አንተ ደግሞ ስርአቱን ሳይጠብቅ ሲቀር ታያለህ፣ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። አሁን መሶብ ምናምን እየተባለ አገልግሎት በአንድ ቦታ እየተሰበሰበ ነው፣ እዛ ጋ ከመስኮቱ ወዲህ ያለውን የተራ አሰራር የምታውቀው አንተ ነህ፣ ከመስኮቱ ወዲያ የቆመውን ሰው ስሜት ደሞ እሱ ያውቀዋል። ካላናደደህ አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ የሚያጠፋውን ነገር ስብሰባ ላይ ሳይሆን ከስብሰባው በፊት ብቻውን ንገረው፣ የትኛው ፎርም እንደጎደለ አሳየው። እኔን ያቺ ሴትዮ በሰው ፊት ብትነግረኝ ኖሮ አኩርፌ ወደ ጤና ጣቢያ እመለስ ነበር፣ ስሜቴን አውቀዋለሁ። እሷ ግን በሩን ዘግታ ሻይ አስመጥታ፣ ሲስተር ነይ እስኪ ይሄን አብረን እንየው ነው ያለችኝ።